መኪናው ሲያረጅ ዐዋቂው ከየት ይመጣል?

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



ዛሬ በተሰጠኝ ጊዜ ላነጋግራችሁ የፈለግሁት በፋብሪካና በኤሌክትሪክ ጣቢያ ውስጥ ስለሚገኙት አሮጌ መቈጣጠሪያዎች መታደስ፥ ይልቁንም እነርሱን የሚያድሱና የሚጠብቁ ዐዋቂዎች ስለ ማነሳቸው ነው። ነገሩ ለመሐንዲሶች ብቻ የተተወ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በመቱ፥ በጎሬ፥ በያዩ ወይም በሌላው የኢሉባቦር ከተማ ተቀምጣችሁ ይህን የምትሰሙ፥ ኋላም በጋዜጣ የምታነቡ ሁሉ በየቀኑ የምትነኩት ጕዳይ ነው። መብራት ባበራችሁ ቍጥር፥ ቡናችሁን ወደ መፈልፈያ በላካችሁ ቍጥር፥ የታመመ ዘመድ በሆስፒታል ባስተኛችሁ ቍጥር በአንድ ሩቅ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ መቈጣጠሪያ ሥራውን እንዳያጓድል አምናችሁታል። ዓመቶችን ስጠራ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ምሳሌዬን ከቅርብ ልጀምር። የሶር ወንዝ ወደ ገባ ይፈስሳል፤ ገባም ከብርብር ጋር ተገናኝቶ ባሮ ይሆናል። ፏፏቴውን ለማየት ከመቱ በበቾ በኩል የሄደ ሰው በዚያ ጥቅጥቅ ባለ ደን መካከል የውሃውን ጕልበት በዓይኑም በጆሮውም አውቆት ይመለሳል። በዚህ ወንዝ ላይ በ1990 ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ጣቢያ ኃይሉ 5 ሜጋዋት ነው። በ2025 ከተመረቀው ከታላቁ የህዳሴ ግድብ 5150 ሜጋዋት ጋር ሲተያይ ከሺህ አንድ እጅ አይሞላም። ሆኖም ይህ ጣቢያ ከሀገሩ ታላቅ የኤሌክትሪክ መረብ ተለይቶ ለብቻው ይሠራ በነበረበት ዘመን በዙሪያው ላሉት ከተሞች ከሺህ አንድ እጅ ሳይሆን ዋናው ተስፋቸው ነበረ።

ለብቻ መሥራት ምን ማለት እንደ ሆነ ላስረዳ። በሀገራችን የምንጠቀምበት ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው። ይህ ቍጥር የሚጠበቀው ተርባይኑ በተወሰነለት ፍጥነት ሲዞር ነው። በከተማው ውስጥ አንድ ትልቅ ሞተር በተነሣ ጊዜ ተርባይኑ ይከብደውና ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ጋቨርነር የተባለው መሣሪያ የውሃውን በር ጥቂት ከፈት አድርጎ ወደ ፍጥነቱ ይመልሰዋል። ሞተሩ ሲቆም ደግሞ በሩን ያጠብበዋል። በታላቅ መረብ ውስጥ ሸክሙን ብዙ ጣቢያዎች ስለሚካፈሉት የአንዱ ሞተር መነሣት አይታወቅም። ለብቻው በሚሠራ ትንሽ ጣቢያ ግን የአንድ ወፍጮ ወይም የአንድ ቡና መፈልፈያ መነሣት በጣቢያው ክፍል ውስጥ ይሰማል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ዘመኑን የፈጸመ ሠራተኛ የመለኪያውን መርፌ ሳያይ በድምፁ ብቻ መኪናው ደኅና መሆኑንና አለመሆኑን ያውቃል። ይህን ዕውቀት ከየትም ሀገር ፋብሪካ አዝዞ ማስመጣት አይቻልም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። መኪና ሁለት ዓይነት እርጅና አለው። አንደኛው የብረቱ ነው፤ ሁለተኛው ብረቱን የሚያዝዘው የመቈጣጠሪያው እርጅና ነው። ተርባይንና ጄኔሬተር ዘይታቸው ካልተጓደለ፥ ኩሽኔታቸውም በጊዜው ከተለወጠ ከሃምሳ ዓመት በላይ ያገለግላሉ። በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ጣቢያ እስከ ዛሬ ኃይል የሚሰጥ መሆኑ ለዚህ ምስክር ነው። መቈጣጠሪያው ግን ዕድሜው ከዚህ በብዙ ያነሰ ነው።

ቀድሞ የመኪና ትእዛዝ የሚተላለፈው ሪሌ በሚባሉ ትንንሽ ማብሪያዎች ነበር። በአንድ ኳድሮ ውስጥ በመቶ የሚቈጠሩ ሪሌዎች ተሰልፈው እየከፈቱና እየዘጉ ቀጭ ቀጭ ሲሉ ይውሉ ነበር። ከ1968 ወዲህ በአሜሪካ የተጀመረው ፒ.ኤል.ሲ. የተባለው ሣጥን ይህን ለወጠው። ሣጥኑ በውስጡ የተጻፈለትን ትእዛዝ እያነበበ ሞተሩን ያስነሣል፥ በሩን ይከፍታል፥ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ያቆማል። ሥራው እንዲለወጥ ሲፈለግ ሽቦውን መንቀል አያስፈልግም፤ ጽሕፈቱን መለወጥ ይበቃል። በኋላም ከሣጥኑ የሚመጣውን ወሬ ሁሉ በኮምፒዩተር መስተዋት ላይ የሚያሳየውና ከሩቅ ሆኖ ለማዘዝ የሚያስችለው ስካዳ የሚባለው ሥርዓት ተጨመረበት።

ጥቅሙ ግልጥ ነው፤ ጉዳቱ ግን ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ሣጥኑን የሠራው ኩባንያ ከሃያ ወይም ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሌላ ዓይነት ይሠራና የቀድሞውን ይተዋል። በዓለም ፋብሪካዎች ሁሉ የተስፋፋው የሲመንስ ኤስ7-300 የተባለው ሣጥን ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሲሸጥ ኖሮ ከ2023 ጥቅምት ወር ወዲህ ለመለዋወጫ ካልሆነ በቀር ከመደበኛው ገበያ መውጣት ጀምሯል። በቢሮም በፋብሪካም የተለመደው ዊንዶውስ 10 ደግሞ ከ2025 ጥቅምት 14 ቀን በኋላ ከሠሪው ኩባንያ የተለመደውን ነጻ የጥበቃ እርዳታ አያገኝም። ኮምፒዩተሩ በማግሥቱ አይቆምም፤ እንደ ወትሮው ይሠራል። ባለቤቱንም የሚያዘናጋው ይኸው ነው።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። የፋብሪካውንም የከተማውንም ስም አልጠራም፤ ማሳፈር አሳቤ አይደለምና። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ፋብሪካ ቆሞብናል፥ ናና እይልን ተብዬ ሄድሁ። ሞተሮቹ ደኅና ናቸው፤ ኤሌክትሪኩም አለ፤ ነገር ግን መኪናው አይነሣም። ሣጥኑን ስመረምረው ባዶ ሆኖ አገኘሁት። እንዲህ ያለው የቀድሞ ሣጥን መብራት በጠፋ ጊዜ የተጻፈለትን ትእዛዝ እንዳይረሳ ጣት በምታህል ባትሪ ይጠበቃል። ባትሪይቱ በየጥቂት ዓመቱ መለወጥ ያስፈልጋታል፤ የምትለወጠውም መብራት ሳይጠፋ ነው። ይህን የሚያውቁት አንድ ሽማግሌ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበሩ፤ እርሳቸውም ጡረታ ወጥተዋል። ባትሪይቱ ስትደክም ቀይ መብራት ታሳያለች። «ይህችን መብራት አላያችሁምን?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «እርስዋማ ሁልጊዜ የምትበራ ናት» አሉኝ። ለብዙ ወር ስትጮኽባቸው የመኪናው ጌጥ መስላቸው ኖራለች። በአንድ ሌሊት የከተማው መብራት ጠፍቶ ሲነጋ ሲመለስ ሣጥኑ ሁሉን ረስቶ አደረ። የትእዛዙ ቅጂ ቢፈለግ አልተገኘም።

ፋብሪካው ሦስት ሳምንት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ያህል ቆመ። የቀን ሙያተኞች ወደ ቤታቸው ተሰናበቱ፤ በበሩ ፊት እንጀራና ሻይ የምትሸጠው ሴት እንኳ ዕቃዋን ጠቅልላ ሄደች። በመጨረሻ ሽማግሌው ከሚኖሩበት ገጠር ተፈልገው መጡ። በፌስታል ጠቅልለው ያመጡት አንድ የተማሪ ደብተርና አንድ ፍሎፒ ዲስክ ነበር። ዲስኩን የሚያነብ ኮምፒዩተር በከተማው ውስጥ ጠፋ። ደብተሩ ግን ዓይንና ብርሃን ብቻ የሚፈልግ ስለ ሆነ ተነበበ። መኪናው በተተከለበት ዘመን ትእዛዙን ከመስመር እስከ መስመር በእጃቸው ገልብጠውት ነበር። አንዲት ወጣት ቴክኒሺያን እያነበበች፥ እኔ እያስገባሁ፥ ሽማግሌው እያረሙ በአራት ቀን ፈጸምነው። ሥራ አስኪያጁ ደስ ብሎት «ጋሼ፥ ይህ ደብተር እንዳለዎት ለምን አልነገሩንም?» ቢላቸው፥ «ልጄ፥ ስወጣ የጠየቃችሁኝ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ብቻ ነው» አሉት።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ «አሮጌውን ጥሎ አዲስ መግዛት ነው» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ያም ፋብሪካ እንዲሁ አደረገ። አዲስ ሣጥንና አዲስ ኮምፒዩተር ተገዛ፤ ተካዩ ከውጭ ሀገር መጥቶ ሁለት ሳምንት ሠርቶ ሄደ። የተወው መጽሐፍ እንደ ጡብ የወፈረ፥ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ነበር። የሣጥኑ መክፈቻ የምስጢር ቃል ከእርሱ ጋር ሄደ። አንድ ወጣት ብቻ ሠልጥኖ ነበር፤ እርሱም ዓመት ሳይሞላው የደመወዙን ዕጥፍ የሚከፍለው አግኝቶ ተሰናበተ። በወጣቱ አልፈርድም፤ እኔም በእርሱ ዕድሜ ብሆን እሄድ ነበር። ነገር ግን ያ ፋብሪካ ብዙ ገንዘብ አፍስሶ ከቀድሞው በከፋ ችግር ላይ ወደቀ፤ የቀድሞው ቢያንስ ሽማግሌውና ደብተሩ ነበሩት።

አሮጌውን እንዲሁ መተውም ዋጋ ያስከፍላል። በአዲስ አበባ አጠገብ ያለው የአባ ሳሙኤል ጣቢያ፥ በኢጣልያ ወረራ ዘመን የተሠራውና 6.6 ሜጋዋት ይሰጥ የነበረው፥ በ1970 ገደማ ሥራውን አቁሞ ከአርባ ዓመት በላይ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ውሃው ይፈስሳል፥ ቤቱ ቆሟል፥ ኃይል ግን የለም። በቻይና እርዳታ ታድሶ እንደ ገና የተነሣው በ2016 ነው። በእነዚያ ዓመታት የባከነውን ውሃ ማን ቈጠረው?

ስለዚህ የኔ አሳብ እንዲህ ነው። ብረቱ ደኅና ከሆነ ብረቱን አትንኩት፤ መቈጣጠሪያውንም በአንድ ሌሊት ሁሉን ነቅላችሁ አትለውጡት። አዲሱን ሣጥን ከአሮጌው ጐን ተክላችሁ አስቀድማችሁ እንዲመለከት ብቻ አድርጉት። አሮጌው ያዝዛል፥ አዲሱ ያነብባል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ንባብ ሲሰጡ ከሰነበቱ በኋላ ከብዙ መኪኖች አንዱን ለአዲሱ አስረክቡት፤ ሁለተኛው ይከተላል። በውሃ ለሚሠራ ጣቢያ ወንዙ የሚያንስበት የበጋ ወራት ለዚህ ይመቻል፤ ያን ጊዜ አንዱን ተርባይን ቢያቆሙት ጉዳቱ ያነሰ ነው። ይህ አካሄድ አዝጋሚ ነው፤ ሪባን ለመቍረጥና ፎቶግራፍ ለመነሣትም አይመችም። ጥቅሙ ግን ሠራተኛው ከመኪናው ጋር አብሮ መማሩ ነው።

ከመግዛትም በፊት የሚሠራ ሥራ አለ፤ ለዚህም የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም። በፋብሪካችሁ ውስጥ ስንት ሣጥን፥ ስንት ኮምፒዩተር እንዳለ፥ የማን ሥራ እንደ ሆነ፥ ባትሪው መቼ እንደ ተለወጠ ጻፉ። የትእዛዙን ቅጂ አውጥታችሁ በሁለት የተለያየ ስፍራ አስቀምጡ። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀረውን ሠራተኛ አንድ ወጣት ሰጥታችሁ «የምታውቀውን ንገረው፥ እርሱም ይጻፍ» በሉት። ይህንንም ከፈረቃው ሥራ ነጻ በሆነ ጊዜና በደመወዝ አድርጉት እንጂ በትርፍ ሰዓት ልመና አታድርጉት። ሽማግሌ ዕውቀቱን የሚደብቀው ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ ካስተማርሁ ያሰናብቱኛል ብሎ ስለሚፈራ ነው። ፍርሃቱም ሁልጊዜ ከንቱ አይደለም።

የዐዋቂ ማነስ የእኛ ሀገር ብቻ ነውር እንዳይመስላችሁ። በ2020 ሚያዝያ ወር፥ የኮሮና በሽታ ሥራ ያስፈታቸው ሰዎች በብዛት የእርዳታ ማመልከቻ ባቀረቡ ጊዜ፥ የአሜሪካው የኒው ጀርሲ ግዛት አሮጌ ኮምፒዩተሮች ሸክሙን መቻል አቃታቸው። የሚሠሩበት ኮቦል የተባለው ቋንቋ በ1959 የተጀመረ ሲሆን የሚያውቁት ሰዎች አብዛኞቹ አርጅተዋል። የግዛቱ ገዥ በአደባባይ ቀርቦ «ኮቦል የሚያውቅ ሰው በፈቃዱ ይርዳን» ብሎ እስከ መለመን ደረሰ። ሀብታሙ ሀገር እንዲህ ከሆነ የመቱው ፋብሪካ ሊያፍር አይገባውም፤ ነገር ግን ሊዘናጋም አይችልም፤ ሀብታሙ ያጣውን ዐዋቂ በገንዘብ ከኛ ዘንድ ሊወስድ ይችላልና።

አዲሱ ሥርዓት ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ ደግሞ ሌላ አደጋ ይመጣል። በ2015 ታኅሣሥ 23 ቀን በዩክሬን ውስጥ የሦስት የኤሌክትሪክ አከፋፋይ ኩባንያዎች ኮምፒዩተሮች በጠላት እጅ ገብተው ማብሪያዎቹ ከሩቅ ተዘጉ። ወደ 225,000 የሚሆኑ ደንበኞች በክረምት ብርድ ጨለማ ውስጥ ገቡ። መስተዋቱ አልታዘዝ ሲላቸው ሠራተኞቹ በመኪና ወደየጣቢያው ሮጠው ማብሪያዎቹን በእጃቸው መለሱ፤ መብራቱም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ተመለሰ። በእጅ መሥራትን ያልረሱ ሰዎች ስለ ነበሩአቸው ነው። እኛም አዲሱን ስንተክል የእጅ መዘውሩን ነቅለን እንዳንጥለው፥ በዓመት አንድ ሁለት ቀንም መኪናውን በእጅ ማስነሣትን እንድንለማመድ እመክራለሁ።

ከመረብ የተለየ ኮምፒዩተርም ቢሆን ፈጽሞ የተጠበቀ አይደለም። በ2010 የታወቀው ስተክስኔት የተባለው ክፉ ፕሮግራም በኢራን ናታንዝ ከኢንተርኔት ወደ ተለየው ፋብሪካ የገባው በፍላሽ እንደ ሆነ ይታመናል። እኔም በብዙ ስፍራ የሌሊት ተረኛው እንቅልፍ እንዳይወስደው ዘፈን የጫነበትን ፍላሽ በመቈጣጠሪያው ኮምፒዩተር ላይ ሰክቶ ሲያዳምጥ አግኝቼዋለሁ። ይህን ለመከልከል ቍጣ አይበቃም፤ ተረኛው ከእንቅልፍ ጋር ይታገላልና። ለዘፈኑ ሌላ ትንሽ ራዲዮ ግዙለት። (ይህን የምለው የራዲዮ ተናጋሪ ስለ ሆንሁ እንዳይመስላችሁ።)

አሁን ውል የምትፈርሙትን ላነጋግር። አዲስ መቈጣጠሪያ ስትገዙ የትእዛዙ ጽሕፈትና የምስጢር ቃሉ በእጃችሁ ካልገባ የመጨረሻውን ክፍያ አትክፈሉ። አንድ ሰው ብቻ አታሠልጥኑ፤ ሦስት አሠልጥኑ፤ አንዱ ይሄዳል፥ አንዱ ይታመማል፥ አንዱ ይቀራል። መምሪያውም ሠራተኛው በሚናገርበት ቋንቋ ይጻፍ። በኢሉባቦር ፋብሪካ ውስጥ በሌሊት ኳድሮው ፊት የሚቆመው ሰው ኦሮምኛ ወይም አማርኛ የሚናገር ሆኖ ሳለ የአደጋ ጊዜ መመሪያው ለእርሱ ባዕድ በሆነ ቋንቋ ቢለጠፍለት ግድግዳ ከማስጌጥ አያልፍም።

በመቱ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተበት ከ2011 ወዲህ ወጣቶች ምህንድስና ለመማር ከሩቅ ከተማ ድረስ መሄድ የግድ አልሆነባቸውም። ለልምምድ ወደ ፋብሪካ የሚመጣውን ተማሪ ግን ብዙ ጊዜ ወረቀት ሲያደራጅ ወይም በበረንዳ ተቀምጦ ቀን ሲቈጥር አየዋለሁ። እናንተ ተማሪዎችም ከመጽሐፍ የተማራችሁትን ይዛችሁ አሮጌውን ኳድሮ አትናቁት። ሪሌውን ያላወቀ ሰው አዲሱን ሣጥን ቢጽፍም ለምን እንዲህ እንደ ተጻፈ አያውቅም። እናንተም ወላጆች ልጃችሁ ዘይት የነካው ልብስ ለብሶ ሲመለስ «ይህን ሁሉ ተምረህ ለዚህ ነውን?» አትበሉት። በጠባብ ዕድሜዬ ካየኋቸው ዐዋቂዎች ሁሉ እጁ ንጹሕ የነበረ አላጋጠመኝም።

ስለ ደመወዝም አንድ ቃል ልጨምር። አንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን መቆም የሚያጣውን ገንዘብ ሂሳብ ሹሙ በግማሽ ሰዓት ሊያሰላው ይችላል። ያን ቍጥር ለመቈጣጠሪያው ባለሙያ በዓመት ሊጨመርለት ከሚጠይቀው ጋር አስተያዩት። እኔ ባስተያየሁበት ስፍራ ሁሉ ሁለተኛው ያነሰ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሆኖም ለመለዋወጫ የተጠየቀ ገንዘብ በሳምንት ሲፈቀድ የሰው ደመወዝ ለመጨመር ሦስት ስብሰባ ይደረጋል።

ያ ስሙን ያልጠራሁት ፋብሪካ በመጨረሻ ሽማግሌውን በቀን አበል ለስድስት ወር መልሶ ቀጠራቸው። ያነበበችልን ወጣት ቴክኒሺያን አብራቸው ተመደበች። ባለፈው ዓመት በዚያ ሳልፍ ገብቼ አየሁ። ሽማግሌው ወደ ገጠራቸው ተመልሰዋል፤ ደብተራቸው በሦስት ቅጂ ተገልብጦ አንዱ በኳድሮው ጐን በገመድ ተንጠልጥሏል። ልጅቱ ራሷ በጨመረችው ገጽ ላይ ባትሪዎቹ የተለወጡበት ቀንና የሚለወጡበት ቀን ተጽፎ አነበብሁ። እርስዋንም ሁለት ሌሎች ድርጅቶች በተሻለ ደመወዝ እንደ ጠየቁአት፥ ሥራ አስኪያጁም ጭማሪ እንዲፈቀድላት ጽፎ መልሱን እየጠበቀ እንደ ሆነ ነገረችኝ። እስከ አሁን መልሱ መምጣቱን አልሰማሁም።